አሌክሲ ካሬልና የሕዋስ ምግብ ጥያቄ

በቤተ ሙከራ ሥጋ ለማምረት ከሚደረጉት ጥናቶች አንዱ፣ የጡንቻ ሕዋስን በእንስሳት ሴረም ፋንታ በዕፅዋት ጭማቂ ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ይመረምራል። ሕዋስን ከአካል ውጭ ምን ሊመግበው ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከአሌክሲ ካሬል ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው።

ካሬል እ.ኤ.አ. በ1873 በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለዱ፤ ሕክምናንም በዚያው ከተማ አጠኑ። በ1902 የተቆረጠ ደም ሥርን መልሶ የመስፋት ዘዴያቸውን አሳተሙ። በ1904 ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከ1906 ጀምሮ በኒው ዮርክ በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ሠሩ። በ1912 ለደም ሥር ስፌትና ለአካል ንቅለ ተከላ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ከዶሮ ሽል ልብ ቁራጭ ወስደው በመስታወት ዕቃ ማሳደግ ጀመሩ። ሮስ ሃሪሰን በ1907 የእንቁራሪት ነርቭ ከአካል ውጭ እንደሚያድግ አሳይተው ነበር፤ ካሬል ደግሞ እድገቱን ለማስቀጠል ጣሩ። በደም ፕላዝማ ላይ የተፈጨ የዶሮ ሽል ጭማቂ ሲጨምሩ እድገቱ ፈጠነ። ይሁን እንጂ የልብ ምቱ ከጊዜ በኋላ ቆመ፤ መባዛታቸውን የቀጠሉት ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት ነበሩ። ካሬል በ1944 በፓሪስ ካረፉ በኋላም ረዳታቸው አልበርት ኤበሊንግ ሕዋሳቱን እስከ 1946 አቆዩአቸው።

ካሬል ከዚህ ተነሥተው ሕዋስ በመሠረቱ አይሞትም ብለው ደመደሙ። በ1961 ግን ሄይፍሊክና ሙርሄድ መደበኛ የሰው ሕዋስ ለተወሰነ ጊዜ ከተከፋፈለ በኋላ እንደሚያቆም አሳዩ። ለልዩነቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ከጭማቂው ጋር ሕያው የሽል ሕዋሳት ሳይታወቁ ይገቡ ነበር የሚለው ግምት ነው። የካሬል ስም ከዚህም በላይ በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ በደገፉት የዘር ማጥራት አስተሳሰብና ከቪሺ መንግሥት ጋር በነበራቸው ግንኙነት ጠልሽቷል።

በ2013 ለንደን ላይ የቀረበው በርገር ሕዋሳት ያደጉት በጥጃ ሽል ሴረም ነበር። ሴረም ውድ ነው፤ ይዘቱ ከምርት ምርት ይለያያል፤ ከእርድም አያላቅቅም። በአንጻሩ የጎመንዘር ዘመድ ከሆነው ሬፕሲድ የተገኘ ፕሮቲን፣ በላም የጡንቻ ግንደ ሕዋስ ምግብ ውስጥ አልቡሚንን ሊተካ እንደሚችል ታይቷል።

የዕፅዋት ጭማቂ ሕያው የእንስሳ ሕዋስ ይዞ አይገባም፤ ሁለት የካሬል ችግሮች ግን አሁንም አሉ። አንደኛው፣ ይዘቱ ያልተለየ ጭማቂ ውጤትን ሊያሳስት መቻሉ ነው፤ ለምሳሌ ፖሊፌኖሎች ሕዋስ በሌለበት እንኳ የሕዋስ ሕያውነት መለኪያ ቀለሞችን ሊለውጡ ስለሚችሉ፣ ሕዋስ የሌለው ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የሕዋስ ቁጥር መጨመር የጡንቻ መፈጠር አለመሆኑ ነው። በካሬል ዕቃ ውስጥ እድገቱ ቀጥሎ ሳለ ልቡ ጠፍቶ ነበርና፣ ተመራማሪው ከቁጥሩ ባሻገር ሕዋሳቱ ተዋሕደው የጡንቻ ክር መሥራታቸውንና ማዮሲን ማምረታቸውን ሊያረጋግጥ ይገባል።