ቅዱስ አትናቴዎስ በስደቱ ዘመን

በእግዚአብሔር ብቻ የሚታመን ሰው ከሞት ይሸሻልን? ይህ የቅዱስ አትናቴዎስ ጠላቶች እርሱን የዘለፉበት ነገር ነው። ዛሬም በእኛ መካከል አልፎ አልፎ ስለሚነሣ፣ የአባታችንን ሕይወት በዚሁ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ325 በኒቅያ ጉባኤ ዲያቆን ሆኖ ሊቀ ጳጳሱን እለ እስክንድሮስን ተከትሎ ተገኘ፤ በ328 መንበሩን ወረሰ። በመንበሩ ከቈየባቸው 45 ዓመታት ውስጥ 17 ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። በ335 በጢሮስ ሲከሱት አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ቈረጠ አሉ፤ አርሳንዮስ ግን ሁለት እጆቹን ይዞ በጉባኤው ፊት ታየ። ከዚያም ወደ ቍስጥንጥንያ የሚሄደውን የግብፅ ስንዴ ሊያስቀር ዛተ ብለው ስለ ከሰሱት፣ የኒቅያን ጉባኤ የሰበሰበው ያው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ወደ ትሪየር ሰደደው። በሰው ሞገስ መታመን ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ ይታወቃል።

በ356 በየካቲት ወር ሌሊት ሕዝቡ በእስክንድርያ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ፣ ከ5000 የሚበልጡ የንጉሥ ቆንስጣንዮስ ወታደሮች ሰይፍ መዝዘው ከበቡት። ቅዱሱ ከመንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ መዝሙር 135ን እንዲያነብ፣ ሕዝቡም በየአንቀጹ የእግዚአብሔርን ምሕረት እየጠራ እንዲመልስ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ ሲገቡ ካህናቱ ይሸሽ ዘንድ ለመኑት፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ሕዝቡ ይውጣ አለ። አብዛኛው ከወጣ በኋላ መነኮሳቱና ካህናቱ ጐትተው አወጡት፤ በወታደሮቹም መካከል ሳይታወቅ አለፈ።

ፈሪ ነው ላሉት ስለ ሽሽቱ በጻፈው መጽሐፍ መለሰላቸው፤ ዳዊት ከሳኦል ፊት እንደ ሸሸ፣ ኤልያስም ከኤልዛቤል እንደ ተሰወረ፣ ጌታችንም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ እንደ ወረደ አስታወሳቸው። የሞትን ሰዓት የሚወስን እግዚአብሔር ነውና፣ ሳይጠራ ራሱን ለገዳዮች የሚሰጥ ሰው ታመነ አይባልም፤ በተጠራ ጊዜ ግን መሸሽ አይገባም። እኛ የዚህን መልስ እውነት የምናየው በዚያች ሌሊት በመንበሩ ላይ በመቈየቱ ነው።

ስድስት ዓመት በበረሃ በመነኮሳት መካከል ተሰወረ። ቆንስጣንዮስ ግን በዚህ አላበቃም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመው አትናቴዎስ ስለ ነበረ፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመረመር ዘንድ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤውን ለታሪክ ያቈየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው።

በከሃዲው በዑልያኖስ ዘመን ደግሞ በዓባይ ወንዝ በጀልባ ሲሸሽ አሳዳጆቹ ደረሱበት። ጀልባዋን አስመልሶ ወደ እነርሱ ሄደ ይባላል፤ አትናቴዎስን የፈለጉትም አጠገባቸው እያለ ሳያውቁት አለፉ። በዋልንስ ዘመን እንደ ገና ተሰዶ በ366 ተመለሰ፤ በ373 በገዛ ከተማው ዐረፈ። ካሳደዱት ነገሥታት በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበረው ዋልንስ ብቻ ነበር። መታሰቢያውን በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን እናከብራለን።