ያኮብ ግሪም፤ የቃላትን ጾታ የመረመረው ሊቅ

ያኮብ ግሪም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው፣ ከወንድሙ ከዊልሄልም ጋር ሰብስቦ ከ1812 ጀምሮ ያሳተመውን የተረት መጽሐፍ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) እኛ ግን ዛሬ ስለ ሌላው ሥራው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ያኮብ በ1785 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በሐናው ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ስለ ሆነ፣ እናቱ ስድስት ልጆችን በችግር አሳደገች። በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ቢማርም፣ ልቡ ወደ ጥንት መጻሕፍትና ወደ ቋንቋ አዘነበለ።

በጀርመንኛ ፀሐይ ሴት ናት፤ ጨረቃ ወንድ ነው፤ ልጃገረድ ደግሞ ወንድም ሴትም ያልሆነ ግዑዝ ስም ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃም ወጣች ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ግሪም የጀርመንኛን ዘመድ ቋንቋዎች ጥንታዊ ጽሑፎች ካነጻጸረ በኋላ፣ በ1831 በወጣው በሦስተኛው የሰዋስው መጽሐፉ ምክንያቱን ለማስረዳት ሞከረ። በእርሱ አሳብ፣ የጥንት ሰዎች ለነገር ሁሉ ሕይወት እየሰጡ፣ ትልቁንና ብርቱውን ወንድ፣ ትንሹንና ለስላሳውን ሴት፣ የተሠራውንና በጅምላ የሚጠራውን ግዑዝ አደረጉት።

በ1837 የሐኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን በሻረ ጊዜ፣ ያኮብና ወንድሙ ከሌሎች አምስት የጌቲንገን መምህራን ጋር ሆነው መሐላችንን አናፈርስም ብለው ተቃወሙ። ሰባቱም ከሥራ ተባረሩ፤ ያኮብም በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ፣ በተከታዩ ዓመት ከወንድሙ ጋር ታላቁን የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ጀመረ። በ1863 በበርሊን ሲሞት የደረሰው ፍሬ ከሚለው ቃል ላይ ነበር። ሥራው በሌሎች እጅ ተፈጽሞ በ1961 አለቀ።

ካርል ብሩግማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሊቅ በ1889 የግሪምን አሳብ ተቃውሞ፣ ጾታ የተነሣው ከነገሩ ጠባይ ሳይሆን ከቃሉ መጨረሻ ነው ሲል ተከራከረ። በእርግጥም ሜድኸን፣ ማለት ልጃገረድ፣ ግዑዝ የሆነችው «ኸን» የሚለው ማሳነሻ ቅጥያ ስላለባት ነው። ኮምፒዩተርም ወደ ጀርመንኛ ሲገባ፣ በ«ኤር» እንደሚጨርሱት የመሣሪያ ስሞች ወንድ ሆነ።

እንግዲህ የግሪም መልስ ሁሉ ትክክል አልነበረም። ነገር ግን ያረሙት ሰዎች የሄዱት እርሱ በጠረገው መንገድ ነው። እኛም ተማሪዎች፣ እንሳሳታለን ብለን ከመጠየቅ እንዳንቦዝን የዚህ ሊቅ ሕይወት ያስተምረናል።