የእርሳስ ጠቢብ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ

በወረታ ከተማ የሚማር ተማሪም ሆነ በፎገራ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ወጣት ሠራተኛ እርሳስ ከእጁ አይለይም። እርሳሱን ለዛሬው መልኩ ያበቃውን ሰው ግን የሚያውቀው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢያችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላ ዣክ ኮንቴ በ1755 በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የሰው መልክ እየሣለ ይተዳደር ነበር፤ ቆይቶም ልቡ ወደ ኬሚስትሪና ወደ መካኒክ ሥራ አዘነበለ።

በ1793 ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት በገጠመች ጊዜ፥ ምርጡ ግራፋይት ከእንግሊዝ አገር ይመጣ ስለ ነበር እርሳስ ጠፋ። መንግሥትም መላ እንዲፈልግ ኮንቴን አዘዘው። እርሱም ተራውን ግራፋይት ፈጭቶ፥ ከሸክላ አፈር ጋራ አቡክቶ፥ በቀጭኑ ቀርጾ በእቶን ተኮሰው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፥ ጽሕፈቱም ይሣሣል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል፥ ይጠቁራልም። የፈጠራ መብቱን በ1795 ተቀበለ።

በዚያው ዘመን ለጦሩ የአየር ፊኛ ሲሠራ ጋዝ ፈንድቶ ግራ ዐይኑን አጠፋው፤ ሥራውን ግን አልተወም። በ1798 ከናፖሌዎን ጋራ ወደ ግብፅ ዘምቶ፥ በካይሮ ሁከት መሣሪያው ሁሉ ቢጠፋ ሌላ በእጁ አበጀ። በዚያ ሳለ የጠጣው የዓባይ ውሃ ከፊሉ፥ ርብና ጉማራ ፎገራን አቋርጠው ወደ ጣና ያፈሰሱት ነበር። በ1805 በፓሪስ ዐረፈ።

ግራፋይት ግን ምሥጢሩ አላለቀም። በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጌይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ አገኙ፤ ስሙም ግራፊን ነው። በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ግራፊን ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲስማማ ሊቃውንት ሌላ ሞሌኪውል ያሳርፉበታል። ናይትሮጂን ዳዮክሳይድ ኤሌክትሮን ይወስድበታል፥ አሞንያ ይሰጠዋል፤ በዚህም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ይለወጣል። ይህ በገጽ ላይ የሚያርፍ ኢምንት ነገር እንደ ኮንቴ ሸክላ የሚቦካ አይደለም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ምን ይጨመር? ምን ያህልስ?

ኮንቴ ምርጡ ግራፋይት እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ በእጁ ያለውን መርምሮ ለቁም ነገር አበቃው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ሩዝ ያበቀለው የፎገራ ገበሬም ያሳየን ይህንኑ ነው። የተማርን ሁሉ ከሁለቱም እንማር።