እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ የነገሥታት እናትና አያት

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚያየው የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና ብርዳም ሜዳ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ግን ይህ ደጋ አምሐራ ይባል የነበረው ጥንታዊ አገር ክፍል ሲሆን፣ የነገሥታት መቃብርና የታላላቅ አድባራት ስፍራ ነበር። መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም በዚሁ አገር ታንጸው ነበር። በዚህ ዕትም የምንዘክራቸው እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በጎውን ዘመንና ክፉውን ዘመን ያዩት ከእነዚህ አድባራት ዕጣ ጋር ነው። (ዓመታቱን የጻፍነው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።)

የዓፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ሰብለ ወንጌል ፊቅጦርን፣ ያዕቆብን፣ ገላውዴዎስንና ሚናስን፣ ሴቶች ልጆችንም ወለዱ። ዓፄ ናዖድ የጀመሩትና ልጃቸው ልብነ ድንግል የፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1521 ሲከበር የፖርቱጋል መልእክተኞች በቦታው ተገኝተው ነበር፤ አብሮአቸው የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዓሉን በመጽሐፉ ገልጾታል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1531፣ ያ ቤተ ክርስቲያን በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ በሚባሉት፣ ጦር ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ ለእቴጌዪቱ መከራው ተደራረበ። የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ወደቀ፤ ሚናስም ተማረከ፤ በ1540 ደግሞ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሰደዱ የኖሩት ባላቸው በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ዙፋኑ ገና ወጣት ለነበረው ለገላውዴዎስ ተረፈ።

እኛ ካህናት ስለዚያ ዘመን ስንጽፍ፣ በ1541 ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ወታደሮችን ይዞ የደረሰውን የክርስቶፎር ዳ ጋማን ጀግንነት ማጉላት እንወዳለን። ሆኖም እንግዶቹን በባዕድ ምድር ተቀብሎ፣ መንገድና ስንቅ እንዲያገኙ የረዳ፣ ሕዝቡም እንዲያምናቸው ያደረገ ማን ነበር? ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀበሉአቸው፤ ከሠራዊቱም ጋር አብረው ዘመቱ። ከፖርቱጋሎቹ አንዱ የነበረው ካስታንሆሶ እንደ ጻፈው፣ እቴጌዪቱና ደንገጡሮቻቸው የራስ መሸፈኛቸውን ለፋሻ እያዋሉ የቍስለኞችን ቍስል ያስሩ ነበር። በነሐሴ 1542 በወፍላ ጦሩ ተሸንፎ ዳ ጋማ ሲገደል፣ ከሞት የተረፉትን ይዘው ወደ ተራራ አፈገፈጉ፤ ቀጥሎም ከልጃቸው ከዓፄ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኙ። በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ ሲወድቁ፣ ያን ያህል ዘመን የዘለቀው መከራ ፍጻሜ አገኘ።

የእኛን ልብ ከሁሉ የሚነካው ግን ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። ኢማሙ ሚናስን፣ ርዳታ ያገኙ ዘንድ፣ በየመን ለነበረው የቱርክ ሹም ገጸ በረከት አድርገው ልከውት ነበር። በወይና ደጋ ደግሞ የኢማሙ ልጅ በገላውዴዎስ እጅ ገባ። በአንድ ወገን ልጅዋ ከባሕር ማዶ ያለባት ሰብለ ወንጌል፣ በሌላው ወገን ባልዋን ያጣችውና ልጅዋ የተማረከባት ድል ወንበራ ቆመው ነበር። ስለ ተቃጠሉት አድባራትና ስለ ፊቅጦር ደም በቀል የሚፈልግ ሰው በዚያ ዘመን አይጠፋም ነበር፤ የተማረከው ልጅም ለበቀል የተመቸ ነበር። ነገር ግን ልጁ በልጅ ተለወጠ። ድል ወንበራ በመካከል ገብተው በተፈጸመው በዚህ ስምምነት ሚናስ በሕይወት ወደ እናቱ ተመለሰ፤ የኢማሙ ልጅም እንዲሁ ወደ እናቱ ሄደ። የጦርነቱን ታሪክ በቃላቸው የሚያውቁ ብዙዎች ይህን ክፍል አያነሡትም፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ሰፈር በሚኖሩበት በወሎ ግን ሊነገር የሚገባው ይመስለናል።

የእናትነት ፈተናቸው በዚህ አላበቃም። በ1559 በሰሞነ ሕማማት ዓፄ ገላውዴዎስ ከሐረሩ አሚር ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ከምርኮ የተመለሱት ሚናስ ነገሡና እርሳቸውም በ1563 ሞቱ። ያን ጊዜ አሮጊቷ እቴጌ ከጦር አለቆች ጋር ሆነው ገና ብላቴና የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ሠርጸ ድንግልን በዙፋን አስቀመጡ፤ በመጀመሪያዎቹ የፈተና ዓመታትም ከጎኑ አልተለዩም። የልጃቸው የያዕቆብ ልጅ ፋሲል ደግሞ የዓፄ ሱስንዮስ አባት ነው። በ1622 የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት፣ በ1632ም ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁት ንጉሥ እንግዲህ የሰብለ ወንጌል የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው፤ ያ ታሪክ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እቴጌ ሰብለ ወንጌል በ1567 ዐረፉ። በእርሳቸው ጥበቃ ሥር ያደጉት ሠርጸ ድንግል ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ነገሡ።