ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስና የጦርነቱ ትርጓሜ

ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ ምን ተነሣ፥ እግዚአብሔርስ ከማን ጋር ነው ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የጦር አለቆች ሳይሆኑ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የሚያስተምሩ ካህናት ናቸው። የፋሽስት ኢጣልያ ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ በሮምና በሚላኖ የነበሩት ካህናት ለሕዝባቸው አንድ ትርጓሜ ሰጡ፤ በደብረ ሊባኖስና በአዲስ አበባ ግን ሌላ ትርጓሜ ተሰጠ። የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ገድል የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቢሆንም፥ ሁለቱ ትርጓሜዎች የተጋጠሙት በእኒህ አባት ሕይወት ስለ ሆነ በዚህ በኩል እንደ ገና ልንመለከተው ወደድን።

አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ በፍቼ አጠገብ ተወለዱ። ከጵጵስና በፊት ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከፊደል ጀምሮ ተምረው፥ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መንኵሰው፥ መምህር ኃይለ ማርያም ተብለው ደቀ መዛሙርትን በማስተማር ታወቁ። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም አንዱ ንባብ ብዙ አንድምታ ሊኖረው ቢችልም በሃይማኖት መሠረት ላይ ያልቆመ አንድምታ እንደማይጸና ነው። ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በኋላ በእኒህ መምህር ላይ የመጣው ፈተና የትርጓሜ ፈተና ነበርና።

ኢትዮጵያ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሷን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል ኖራለች። አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከብዙ ልመናና ከብዙ ክርክር በኋላ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ካይሮ ወርደው ከፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ አንብሮተ እድ ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። (በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከግብፅ የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ሌላ ናቸው፤ የስሙ አንድነት አንዳንድ ሰው ያሳስታል።) ሊቀ ጳጳሱ ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሲሆኑ፥ ለአራቱ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተፈቀደላቸውም ነበር። ሥልጣናቸው እንዲህ የተወሰነ ይሁን እንጂ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያስተምረውን፥ ኀዘኑንም ያለ አስተርጓሚ የሚሰማለትን ጳጳስ ያየው ያን ጊዜ ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሁለቱ በጠላት ጥይት ወደቁ።

ሕዝቡ ጦርነቱን በምን ዐይን ይጠብቀው እንደ ነበረ ለመረዳት ዐድዋን ማስታወስ ያስፈልጋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ሳለ፥ አቡነ ማቴዎስም አብረው ዘምተው ሳለ ድል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል በየበዓሉ ሲነገር የኖረው፥ እግዚአብሔር አገራችንን ለመጠበቁ የዐድዋ ድል ምስክር ነው የሚል ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲቆም አደጋ አለበት። ድል የእግዚአብሔር ምስክር ከሆነ ሽንፈት የማን ምስክር ሊባል ነው? በአርባው ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው ብዙ አልነበረም፤ የሚያስጠይቅም ነገር አልመጣም ነበር።

በኢጣልያ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ስብከት ይሰበክ ነበር። የሮማው ፓፓ ፒዮስ 11ኛ ከጦርነቱ በፊት ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለነርሶች ጉባኤ ሲናገሩ፥ አገር ለመንጠቅ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ግፍ መሆኑን ገልጠው ነበር፤ ነገሩ በቫቲካን ጋዜጣ ሲታተም ግን ለስልሶ ወጣ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የወራሪው ጦር መረብን ከተሻገረ በኋላ ከኢጣልያ ጳጳሳት ብዙዎቹ ዘመቻውን በግልጥ ባረኩ። ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው የሚላኖው ካርዲናል ኢልዴፎንሶ ሹስተር ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. በታላቁ ካቴድራላቸው የሰጡት ትምህርት ነው። የሠራዊቱ ሰንደቅ ዓላማ መስቀልን ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያደርስ፥ ባሪያዎችን ነጻ እንደሚያወጣ፥ ለሰባክያነ ወንጌልም በር እንደሚከፍት አድርገው አስተማሩ። ታኅሣሥ 8 ቀን ደግሞ በመላው ኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ የሚሰጡበት ቀን ሆነ። በቋንቋቸው ፌዴ የሚለው ቃል ሃይማኖትም ቀለበትም ማለት ስለ ሆነ የቀኑ ስም በሁለት በኩል ይተረጐም ነበር። ንግሥት ኤሌና በሮም የራሳቸውን ቀለበት አስቀድመው ሰጡ፤ ሴቶቹም በወርቁ ፈንታ የብረት ቀለበት ተቀበሉ፤ ካህናቱ የብረቱን ቀለበት ባረኩ፤ ከጳጳሳቱም በአንገታቸው ያለውን የወርቅ መስቀል አውልቀው የሰጡ ነበሩ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልንቆይ ይገባል። ቀለበቷን የሰጠችው የኢጣልያ እናት ክፉ ሴት ነበረች ለማለት አንደፍርም። የምታምነው ቄስ ጦርነቱ የወንጌል ሥራ ነው ብሎ ነገራት፤ እርስዋም አመነች። በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን የተቀበለች አገር፥ ቅዳሴዋም ያልተቋረጠ አገር፥ መስቀል ያላየች ተብላ ተነገረላት። የተነገረው ሁሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ባልጸና ነበር። ባርነት በአገራችን እንደ ነበረ አይካድም፤ በ1916 ዓ.ም. ማጥፊያው አዋጅ ወጥቶ ሳለ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። እውነት የሆነውን ጥቂት ነገር ይዞ ለግፍ መሸፈኛ ማድረግ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ብዙ ሰው ያስታል። ለፍትሕ ሲባል ደግሞ ካርዲናል ሹስተር በኅዳር 1931 ዓ.ም. የፋሽስትን የዘር ትምህርት በዚያው ካቴድራል በግልጥ መቃወማቸውን መናገር ይገባናል። ይሁን እንጂ ያ ተግሣጽ በወጣ ጊዜ የኢትዮጵያ ደም ፈስሶ ነበር።

አቡነ ጴጥሮስ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ሰሜን ግንባር ዘመቱ። በዚያም ከጥይት ሌላ ከአውሮፕላን የሚረጭ የመርዝ ጢስ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ገበሬውንና ከብቱን ሲያቃጥል ታየ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የነበረው ጦርነት በሽንፈት አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ ጸልየው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ሚያዝያ 24 ቀንም ከአገር ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማዪቱን ያዘ። ግንቦት 4 ቀን በቫቲካን በተደረገ አንድ የትርኢት መክፈቻ ላይ ፓፓው የኢጣልያ ሕዝብ ደስታ የእርሳቸውም ደስታ መሆኑን አመለከቱ።

ሳይጠየቅ የኖረው ጥያቄ አሁን በየቤቱ ገባ። ታቦት የወጣለት ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተሰደደ፤ ታዲያ እግዚአብሔር መንግሥቱን ለሌላ ሰጠን? ይህ ፈቃዱ ነው፥ እንገዛ የሚሉ ተነሡ። ከመጽሐፍም ምስክር የሚሆን የሚመስል አላጡም፤ ነቢዩ ኤርምያስ የይሁዳን ሰዎች ለናቡከደነፆር እንዲገዙ ነግሯቸዋልና። ነገር ግን ኤርምያስ ይህን የተናገረው የእግዚአብሔር ቃል ስለ መጣለት ነው እንጂ የባቢሎን ሰረገላ ብዛት ስላስፈራው አይደለም። ከዚህም ጋር ሠለስቱ ደቂቅ በዚያው በናቡከደነፆር ግዛት ሳሉ ለወርቁ ምስል አልሰገዱም፤ መቃብያንም ሥልጣን የያዘውን ዐላዊ ንጉሥ ሥልጣን ስለ ያዘ ብቻ እሺ አላሉትም። መምህር ኃይለ ማርያም ተብለው መጻሕፍትን ያስተማሩት ጳጳስ የመረጡት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ሽንፈት የእግዚአብሔር ፍርድ መግለጫ እንዳልሆነ፥ ግፍም በማሸነፉ ጽድቅ እንደማይሆን በሥራቸው አስተማሩ።

በደብረ ሊባኖስ ሆነው የሰላሌንና የአካባቢውን አርበኞች ያጽናኑ ነበር። በዚያም ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች አለቆች ተመካክረው አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው በአንድ ቀን ለመውጋት ቈረጡ። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ፥ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፥ መልእክተኛ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው በጊዜ ሊደርስ አልቻለም። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞቹ ከተማዪቱ ውስጥ ገቡ፤ ዳሩ ግን በአንድነት ስላልደረሱ በመትረየስና በአውሮፕላን ተመለሱ። አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኞቹ ጋር መጥተው ነበርና በከተማዪቱ ተያዙ።

ጠላት የፈለገው መገደላቸውን ብቻ አልነበረም። እንደሚተረከው፥ አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው ቢያወግዙና ሕዝቡን ለኢጣልያ ተገዛ ቢሉ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ ተነገራቸው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሚላኖ የተሰበከው ትርጓሜ በኢትዮጵያ እንዲጸና የኢትዮጵያ ጳጳስ አፍ ያስፈልገው ነበር። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ፥ ምድሪቱም እንዳትቀበለው ገዘቱ። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ግዝት የፖለቲካ ንግግር አድርገው ይቈጥሩታል። ካህን የሆነ ሰው ግን ግዝት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በማሰርና በመፍታት ሥልጣን የተነገረ ስለ ሆነ፥ የሰማው ገበሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ መገዛትን እንደ ዕድል ሳይሆን እንደ ኀጢአት አየው። ምድር ምን አጠፋች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ የአቤልን ደም የተቀበለችው ምድር ምን እንደ ተባለች በኦሪት ዘፍጥረት ይመልከት።

ሐምሌ 22 ቀን በከተማዪቱ አደባባይ፥ ሕዝብ ቆሞ እያየ፥ በጥይት ተደበደቡ። በእጃቸው የነበረውን መጽሐፍና መስቀል ጥይት እንደ በሳው ይነገራል። የፈረደባቸው ችሎት ዐመፀኛ ብሎ መዝግቧቸዋል፤ ስለ ሃይማኖት የተነሣ ነገር እንዳይመስል ተጠንቅቆ ነበር። አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ግን ያየው ጳጳስ ሲገደል ነው፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ ዐመፀኛ ተገደለ ብሎ ሳይሆን ሰማዕት ዐረፈ ብሎ ተመለሰ። መስቀል ይዤ መጣሁ ያለው ሠራዊት መስቀል የያዘውን ገድሎ ታየ። ስለ መስቀልና ስለ ሥልጣኔ የተባለው ሁሉ በዚያ ቀን በኢትዮጵያ ሰሚ አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንኑ አጸናው። በ1929 ዓ.ም. በኅዳር አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ። በታኅሣሥ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን የምሕረት ተስፋ ተሰጥቷቸው ከገቡ በኋላ በፍቼ፥ በአቡነ ጴጥሮስ ትውልድ አገር፥ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ የበቀሉ እጅ ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን ገዳሙ ተከበበ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ብቻ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፥ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸው ተቈጥሯል፤ በኋላ የመረመሩ ሰዎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ለዚህ ሥራ የተመረጡት በአብዛኛው እስላም የሆኑ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ፤ ክርስቲያን ወታደር በገዳም ላይ እጁን ለማንሣት ያመነታ ይሆናል ተብሎ ነበርና። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በትሪፖሊ የእስልምናን ሰይፍ ተቀብሎ የእስላሞች ጠባቂ ነኝ ብሏል። በሚላኖ የመስቀል ጦር፥ በትሪፖሊ የእስላም ጋሻ፤ አንዱ ጦርነት እንደ ሰሚው ሁለት ስም ወጣለት። የኢትዮጵያ እስላሞችም ለአገራቸው የተዋጉ ስለ ሆኑ፥ የደብረ ሊባኖስን ደም በሃይማኖታቸው ላይ መጫን አይገባም።

ከአራቱ መካከል የአቡነ አብርሃም ነገር የሚያሳዝን ነው። ሸምግለው፥ ዐይናቸውም ታውሮ ሳለ፥ ጠላት ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ በ1930 ዓ.ም. እርሳቸውን ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾመ፤ በእርሳቸውም ስም አርበኞቹ ተወገዙ። የእስክንድርያ ሲኖዶስ ሹመቱን አልተቀበለም፤ ገዘታቸውም። በአንድ ቀን በአንድ ፓትርያርክ እጅ ከተሾሙት አባቶች አንዱ መገዛትን፥ ሌላው አለመገዛትን ገዘተ። ምእመናን ከሁለቱ ግዝት የቱን እንደ ያዙ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ታወቀ፤ በሸዋ፥ በጎጃም፥ በበጌምድር ዱሩ ከአርበኛ አልተለየም። ሽማግሌውን ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ያልነበረ ሰው እንዳሻው ሊፈርድባቸው አይገባም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ለሰማዕቱም ሐውልት ቆመላቸው፤ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውና በኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ እርሳቸው ተውኔት ጻፉ። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ ብዙ ምእመናንም በተነሣበት ቀን ቆመው አልቅሰዋል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሶ ቆሟል።