ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስና የፎቶግራፍ ልብሱ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ጥቂት እንደ ተጓዘ ወረታ ከተማ ይደርሳል። በስተግራው የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ በስተቀኙ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ይገነጠላል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ስለ ሆነች ከፎገራ ገጠር ለትምህርት የመጣው ወጣትም፥ አዲስ የተቀጠረው ጸሐፊም፥ ነጋዴውም በዚያ ይገናኛሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ አንድ ቀን ጉርድ ፎቶግራፍ መነሣታቸው አይቀርም፤ ለመታወቂያ፥ ለማመልከቻ፥ ለመሥሪያ ቤት ፋይል ያስፈልጋልና።

ታዲያ ከፎቶ ቤቱ በር ሲደረስ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምን ለብሼ ልነሣ የሚለው ነው። በብዙ የአገራችን ፎቶ ቤቶች ለዚህ ጉዳይ አንድ ኮትና አንድ ክራባት በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይቆይ ነበር። ኮት የሌለው ሰው ያንን ለብሶ ይነሣል፤ ኮቱ ቢሰፋውም ከፊት ብቻ ስለሚታይ ማንም አያውቅበትም። ሌላው ደግሞ እናቱ የፈተለችውን ኩታ ደርቦ ይነሣል። አንዱን ዘመናዊ፥ ሌላውን ባላገር ብሎ መሳቅ የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን ሁለቱም የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ የምንተርከው ይህ ምርጫ ስላልተሰጠው ሰው ነው። እርሱም ከወረታ በስተምሥራቅ ባለው በደብረ ታቦር ከተማቸውን ያደረጉት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ በልብሱ በኩል ግን እምብዛም አልታየም። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ የሰሜንና የትግሬ ገዥ ነበሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ድል ተነሥተው ታሰሩ። ስለዚህ እቴጌይቱ ያገቡት አባታቸውን ያሰረውን ሰው ነበር፤ ትዳሩም ሰላም አልነበረውም። ልጁ ግን የሁለት ታላላቅ ቤቶች ደም የተገናኘበት ነበር።

አባቱ በልብስ በኩል እንግዳ ጠባይ ነበራቸው። በዘመናቸው ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች እንደ መሰከሩት ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወታደር ሸማ ለብሰው፥ እግራቸውን ባዶ አድርገው ይታዩ ነበር። ለእንግዳ አቀባበል ካልሆነ በቀር ወርቀ ዘቦ አይወዱም። በፎቶግራፍ ተነሥተው የቀረ መልክም የላቸውም፤ ዛሬ በየቦታው የምናየው ሁሉ ሥዕል ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጣና ዳርቻና ለበጌምድር ሕዝብ ክፉ ነበሩ። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ሠራዊታቸውንና የያዟቸውን እንግሊዞች ይዘው በዘጌና ከፎገራ አጠገብ ባለችው በቆራጣ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ሰፈሩን ገባውና ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ። ወታደሩ የሚበላው ከገበሬው ጎተራና ከብት ነበር፤ ገበሬውም ሸፈተ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። እነሆ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲገባ ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ።

የልብሱ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። የእንግሊዝ ወታደሮች ሬሳውን በደረሱበት ጊዜ ንጉሡ የለበሱትን እየቀደዱ ለማስታወሻ ተካፈሉት። ከጠጉራቸውም ተቆርጦ ተወሰደ፤ ይህ ጠጉር በለንደን ከነበረበት የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍ፥ ዘውድ፥ ጽዋና ልብስ በዝሆንና በበቅሎ ተጫነ። ከዕቃው ጋር እቴጌ ጥሩወርቅና ሰባት ዓመት የሆነው ልጃቸውም ተወሰዱ። እናቲቱ የባሕሩን ዳር ሳያዩ በግንቦት ወር በትግራይ ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ዓለማየሁ በአንድ ወር ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ።

ከዚያ በኋላ በእጁ የያዘው ሻምበል ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፥ አማርኛ የሚናገር፥ ቁመቱ ከሰው ሁሉ በላይ የሆነ ነው፤ ባሻ ፈለቀ የሚል ስምም ወጥቶለት ነበር። ብላቴናው ቋንቋውን ከሚያውቅለት ከዚህ ሰው መለየት አልወደደም፤ ምን ያስደንቃል? በመርከብ ተጉዘው በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ገቡ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት፤ ወደዱትም።

በዚያችው ደሴት ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ካሜራ በእጅዋ የገባው አርባ ስምንት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ሆኖም በዘመኑ ከነበሩት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ ስሟ የገነነ ሆነች። የቤት ሠራተኞችዋንና ጎረቤቶችዋን ነጠላና መጎናጸፊያ እያለበሰች እመቤታችንን፥ ቅዱሳንን፥ የጥንት ነገሥታትን አስመስላ ታነሣቸው ነበር። የዛሬ ተዋናይ ለቴያትር ሥራ ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚያስበውን፥ ማለት ልብሱ ምን ዓይነት ሰው ያስመስለኛል የሚለውን፥ እርሷ ለተነሺው ታስብለት ነበር ማለት ይቻላል።

ዓለማየሁ ከዚህች ሴት ካሜራ ፊት የተቀመጠው በዚያው በሐምሌ ወር ነው። ነጭ የጥጥ ልብስ ለብሶ፥ በአንገቱ ጌጥ አድርጎ ተነሣ። በአንዳንዱ ፎቶግራፍ ብቻውን ነው፤ በአንዳንዱ ስፒዲ አብሮት አለ። ስፒዲም የለበሰው የአበሻ ጦረኛ ልብስ ነው። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበለው። አንዱ ልብሱን የለበሰው ደስ ስላለው ነው፤ ሲፈልግ አውልቆ ኮቱን ይለብሳል። ሌላው ያንኑ ዓይነት ልብስ የለበሰው የመቅደላው ንጉሥ ልጅ መሆኑን ለሚያየው ሕዝብ እንዲያሳይ ተብሎ ነው። የካሜሮን ፎቶግራፎች በለንደን በሱቅ ይሸጡ ነበርና።

ስለ አሠራሩም ጥቂት መናገር ይገባል። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ነው። መስተዋቱ መድኃኒት ተቀብቶ፥ በብር ውሕድ ተነክሮ፥ እርጥቡ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ይገባል። ተነሺው ለብዙ ጊዜ፥ አንዳንዴም ለደቂቃዎች፥ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ያ መስተዋት ደግሞ ቀይ ቀለምን አያይም ነበር። ሰማያዊው ነጥቶ ሲወጣ ቀዩ እንደ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ቀይ ጥለት ያለው ኩታ በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት ቢቀርብ ጥለቱ የሐዘን ጥቁር መስሎ ይወጣ ነበር። በነጭ ልብስ ውስጥ ያለ ጠይም ፊት ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ብርሃኑ ለሸማው ከተለካ ፊቱ ይጨልማል፥ ለፊቱ ከተለካ ሸማው ይነዳል። ካሜሮን ለፊቱ ለካች። በዚህ እናመሰግናታለን፤ የልጁ ዓይን እስከ ዛሬ ድረስ ይታያልና። ያ ዓይን ወደ ማንም አይመለከትም፤ ፈገግታም የለበትም።

በዚያው ክረምት ቻርልስ ዳርዊን የተባለው የታወቀ ሊቅ ከካሜሮን ቤት ተከራይቶ ሰንብቶ ነበር፤ እርሱንም አንሥታዋለች። ዳርዊን የተነሣው የራሱን ኮት ለብሶ ነው። እንደ ምንም ሁን ያለው የለም።

ሁለተኛው ሣጥን ልብስ የተከፈተው ወዲያው ነው። ዓለማየሁ በ1861 ዓ.ም. ከስፒዲ ጋር ወደ ሕንድ አገር ሄደ፤ በ1864 ዓ.ም. ግን መንግሥት ከስፒዲ ለይቶ ወደ እንግሊዝ አገር እንዲመለስና በትምህርት ቤት እንዲያድግ አዘዘ። ይህን መለየት ልጁም ስፒዲም አልወደዱትም፤ ንግሥቲቱም አዝነዋል። ቼልተናም በሚባለው ኮሌጅ ዲሬክተር በዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ፤ ዶክተሩ በ1866 ዓ.ም. ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩም አብሮ ሄደ። በጨዋታና በስፖርት ጎበዝ ነበር፤ በመጽሐፍ ግን አልሠመረለትም። ከዚህ ዘመን የቀሩት ፎቶግራፎቹ ኮትና ሰደርያ የለበሰ፥ ጠጉሩ ተስተካክሎ የተበጠረ ወጣት ያሳያሉ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባና ያባቱን አምባ ያፈረሰው ሠራዊት መኰንኖች የሚማሩበትን ልብስ ለበሰ። በዚያም ደስታ አላገኘም።

የመጀመሪያውንና የኋለኛውን ፎቶግራፍ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር፥ በኋለኛው ጠፋ ይላሉ። ይህ ፍርድ የችኮላ ይመስለናል። የመጀመሪያው ልብስ ያገሩ ይሁን እንጂ የለበሰው ለእንግሊዝ ተመልካች ነው፤ ያገሩ ሰዎች ያንን ፎቶግራፍ በዚያን ጊዜ አላዩትም። የኋለኛው ልብስ የባዕድ ይሁን እንጂ ቢያንስ ከጓደኞቹ ጋር ያመሳስለዋል፤ ወጣትም እንዲህ ያለውን ይመኛል። በሸማውም በኮቱም ያዘዘው ሌላ ሰው ነበር። አያቱ ወይዘሮ ላቅያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይልኩለት ነበር፤ ልብስ የሚያለብስ ዘመድ ግን በአጠገቡ አልነበረም። በእኛ ልማድ ለልጅ የዓመት በዓል ልብስ የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ማን እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓለማየሁ ከሳንድኸርስት ወጥቶ በሊድስ ከተማ በቀድሞ መምህሩ ዘንድ ሳለ በሳንባ ሕመም ተያዘና በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እርሱን ለይቶ ማውጣት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ያናውጣል የሚል ምክንያት ሰጥቶ ጥያቄውን አልተቀበለም። የተመለሰው ጠጉሩ ብቻ ነው፤ በስፒዲ ዘሮች እጅ ተጠብቆ የኖረው ጉንጉን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በለንደን ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

ስለ ልብስ ከጀመርን አይቀር የእናቲቱን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ፥ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ልብስ፥ በ1861 ዓ.ም. የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለለንደን ቤተ መዘክር ሰጡት። ይህ ቤተ መዘክር ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ይባላል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. መቅደላ የተያዘበት መቶ ኀምሳኛ ዓመት ሲታሰብ ቀሚሱ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ ታይቷል። የካሜሮን ፎቶግራፎችም በብዛት የሚገኙት በዚያው ቤት ነው።