የመምህር ዮፍታሔ ተማሪዎች

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ የተማሩ ሊቅ ነበሩ። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ተውኔት ይጽፉ ነበር። መድረክ ላይ ያወጡት ታዲያ ተዋናዮችን ሳይሆን ተማሪዎቻቸውን ነው። ጣልያን አገሪቱን ሲወር ሱዳን ተሰደዱ፤ ከድሉ በኋላ ተመልሰው በ1947 እ.ኤ.አ. አረፉ።

እኛስ ምን እንማር? ተውኔት የተለማመደ ልጅ ድምፁን አውጥቶ ይናገራል፣ ተራውን ጠብቆ ያዳምጣል፣ ቢሳሳትም ሳይደነግጥ ይቀጥላል። እዚህ ፔታ ቲክቫም ክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለመቅረብ፣ ቢሮ ሄደን ለእናትና ለአባታችን ለማስረዳት የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ ትያትር ልማር ሲላችሁ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትከልክሉት። ተዋናይ ባይወጣውም ሰው ፊት መቆም ይለምዳል።